በሰይድ ስም

ትናንት ውጫሌ ላይ ለአንድ የእህል ነጋዴ ኮምፒውተር አዲስ ፕሮግራም ስጭን ያ ረጅም የውል ጽሑፍ መጣ። ሰው ሁሉ ሳያየው «እስማማለሁ» የምትለዋን ተጭኖ ያልፋል። እኔ ግን ቃል በቃል ነው የማነበው። ነጋዴው ሰዓቱን አየት አደረገና «ኧረ በአላህ ወንድሜ፣ ልጅህን ልትድርልኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትመረምረው?» አለኝ። ሳቅሁለት። ምን ልበለው? አንድ ጊዜ ሳላነብ አልፌ ሰው በላሁ ይባላል?

ዕድሜዬ ሠላሳን ቢያልፍ ነው፤ ሽበቴን ያየ ግን «አንቱ» ይለኛል። ወጣትነቴ ያለቀው በአንድ ጥቅምት ነው።

ለውጡ መጣ በተባለ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፈትሁ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ሲገኝ ደግሞ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከፊት ለፊቴ ዓሣ የሚጠብሱ ሴቶች ስለነበሩ ወረቀቴ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። ሰይድን የማውቀው እዚያ ነው። ሰይድ ይመር ባጃጅ ነጂ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ሱቄ ገብቶ ከጎኔ ይቀመጥና ኮድ ይጽፋል። ማንም አላስተማረውም። በሐይቁ ላይ ታንኳ እየቀዘፈ ዓሣ የሚያሳድድ ሰውዬ ጨዋታ ሠርቶ ነበር፤ ሰውዬው ሁልጊዜ ይሰምጥበታል። «አንተ ለእንጀራህ ትጽፋለህ፣ እኔ ለነፍሴ» እያለ ይቀልድብኛል።

የምንጽፈውን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ፣ ኮምፓይለር የሚሉት፣ መጀመሪያ ለሁሉም በነፃ ነበር። እኔም በእሱ ለባጃጅ ማኅበሩ የተራ መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ከዚያ ባለቤቶቹ አንድ ቀን ተነሥተው ፈቃዱን ለወጡት። ንግድ ፈቃድ ያለው በየዓመቱ በዶላር ይክፈል፤ ለራሱ ደስታ የሚጽፍ ግን በስሙ ተመዝግቦ በነፃ ይጠቀም አሉ። እስቲ ሐይቅ ላይ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማን አለው? እዚያ ማዶ ቢሮ ውስጥ ሰው አንድ መስመር ሲቀይር እዚህ የስንቱ ሥራ እንደሚቆም ማንም አይጠይቅም። እኔ ንግድ ፈቃድ ነበረኝ፤ ሰይድ አልነበረውም። «በስምህ ልመዝግበው?» አልሁት። «መዝግበው፣ ስሜ ምን ይሆናል?» አለኝ።

ያኔ ጦርነቱ እየቀረበ ነበር። ከማኅበሩ ነጂዎች ብዙዎቹ ዘመቱ፤ ማኅበሩም ዘማች ተራው አይነካም፣ ድርሻው ለቤተሰቡ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ታደሰ ከደስታው ብዛት «የዘማቾች ስምና ሰፈር በኮምፒውተር ተመዝግቧል» ብሎ ትልቅ ማስታወቂያ በባጃጆቹ መቆሚያ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ዝርዝሩን ወደ ፕሮግራሙ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በአዲሱ የኮምፓይለር ፈቃድ፣ በሰይድ ስም። ሠርቼ ስከፍተው ከሁሉ በፊት በትልቁ «የሰይድ ይመር ሥራ፣ ለንግድ ያልተፈቀደ» የሚል መጣ። በነፃ ለሚጠቀም የማይጠፋ ጽሑፍ ነው፤ ውሉ ላይ አለ፣ እኔ ግን ያነበብሁት ዋጋውን ብቻ ነው። ሰይድ አይቶ ጮቤ ረገጠ። «ተወው፣ ያምራል!» አለኝ። ተውሁት።

በጥቅምት፣ ማሽላው ሲቀላ፣ መድፉ ከአምባሰል በኩል ይሰማ ጀመር። ከዚያ ታጣቂዎቹ ገቡ። ዳቦ ጋጋሪውን ደጃፉ ላይ ተኩሰው ጣሉት፤ ዱቄቱ ከደሙ ጋር ተለውሶ አስፋልቱ ላይ ዋለ። በር በጥይት እየሰበሩ ቤት ለቤት ዞሩ። ጎረቤቴ በሬዬን አትንዱብኝ ስላለ ራሱን በሰደፍ ፈለጡት። እኔም ሰይድም አልሸሸንም፤ የእኔ አባት የአልጋ ቁራኛ ነበር፣ የእሱ እናት እማማ ዘሐራ ደግሞ «ቀዬዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ብለው እምቢ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በባጃጆቹ መቆሚያ ያገኙንን ሁሉ ሰበሰቡን። ወደ አርባ እንሆናለን። አለቃቸው ማስታወቂያውን አነበበ። የማኅበሩን ላፕቶፕ ከቢሮው አስመጣና ቆሞ ከፈተው። የመጣለት ያ ትልቁ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥሎ የይለፍ ቃል ጠየቀው።

«ሰይድ ይመር ማነው?» አለ።

እኔ ከሰይድ ጎን ነበርሁ፤ ክንዱ ክንዴን ይነካኛል። ፕሮግራሙ የእኔ መሆኑን እዚያ የቆመ ነጂ ሁሉ ያውቃል። ልናገር ነበር ብል ውሸት ነው፤ አልነበረም። ፈራሁ፣ በቃ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰይድ፤ ወጣ።

«ክፈተው።»

«የይለፍ ቃሉ ጠፍቶኛል።»

አልጠፋውም። ሁለታችንም እናውቀው ነበር። በሰደፍ አፉን መቱት፤ ጥርሱን ተፋ። ደግመው ጠየቁት። ራሱን ነቀነቀ። አንዱ የጎማ መፍቻ ብረት አንሥቶ እጁን ድንጋይ ላይ አስይዞ ጣቶቹን ቀጠቀጣቸው፤ እነዚያን ኮድ የሚጽፉ ጣቶች። ጋሽ ታደሰ እግራቸው ላይ ወድቆ «ስለ ማርያም! ስለ ነቢ!» እያለ ሲለምን በእርግጫ አነሡት። ሰይድ እየጮኸ፣ በመሐል ቀና ብሎ አየኝ። «አብሽር» አለ። ታጣቂዎቹ ለራሱ ያለ መሰላቸው። የራሱ ጣት እየተሰበረ ሌላውን አይዞህ የሚል አለ? ወደ ባሕር ዛፎቹ ወሰዱት። ሁለት ጥይት ሰማሁ፣ ቆየት ብሎ አንድ። ላፕቶፑንም በጥይት በታተኑት፣ ባጃጆቹን ነዳጅ አርከፍክፈው አቃጠሉ። ከዝርዝሩ የአንድም ዘማች ቤት በዚያ መንገድ አልተገኘም። ሰይድን እስከ ማግስቱ እንድናነሣው አልፈቀዱም፤ ከፍነን ስንቀብረው እጁን ማጣጠፍ አልቻልንም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እማማ ዘሐራ ዘንድ እሄዳለሁ። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ጣሪያ እጠግናለሁ። ቡናም ምሳም አይነፍጉኝም። ስለዚያ ቀን ግን ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። ትናንት ከውጫሌ ስመለስ በቀጥታ እሳቸው ቤት ገባሁ። ማሽላ እየለቀሙ ነበር።

«እማማ፣ ሰይድ የሞተው በእኔ ፋንታ ነው» አልኋቸው። «ያ ፕሮግራም የእኔ ነበር። ስሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሲጠሩት ከጎኑ ቆሜ ዝም አልሁ።»

እጃቸው ከሰፌዱ አልተነሣም። «አውቃለሁ» አሉኝ። «በቀበርነው ማግስት ነጂዎቹ ነግረውኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልጄ ሊጠቁምህ ቢፈልግ ከጎኑ ነበርህ። እሱ ያልጠቆመህን እኔ ምን ብዬ ልጠቁምህ?» አሉና አንዲት ጠጠር ለቅመው ጣሉ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርሁም። እንደ ሴት ልጅ አለቀስሁ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ዛሬ ጧት ሱቄን ከከፈትሁ ጀምሮ ሳስበው ዋልሁ። ሰይድ ያን ዕለት ስሙ ሲጠራ የተናገራት ሁለት ቃል ናት፤ «እኔ ነኝ»። እኔ እሷኑ ለማለት ዓመታት ፈጀብኝ፤ ያውም የሚገድለኝ በሌለበት።