መቀሱ እጄ የገባበት ዓመት

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ መርሳ በምትባል ከተማ ነው። አቡጀዲ ሲቀደድ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ደግሞ የማልሰማበት ቀን የለም።

ያኔ ሼህ ሙሄ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጥሩ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይዘንላቸው። ግን ቅድ አያሳዩም። የዚያ ዘመን ሰፊ ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ቅድ ካሳየ እንጀራውን የሚነጠቅ ይመስለዋል። ጨርቁን ዘርግተው መቀሱን ሊያነሱ ሲሉ፣ ካውያውን አቀጣጥል ብለው ወደ ውጭ ይልኩኛል። ከሰሉን አራግቤ ስመለስ ጨርቁ ተቀዶ፣ ተጣጥፎ ይጠብቀኛል። የእኔ ድርሻ ጠርዝ ማጠፍና ቁልፍ መትከል ነበር። ቅድ የማያውቅ ሰፊ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሰው ተቀጣሪ ነው።

ልጅ አልነበርኩም፣ ትዳር ይዣለሁ። ባለቤቴ ዘሃራ፣ ልብስ ሰፊ አገባሁ ብዬ ከሰል አራጋቢ ነው ለካ ያገባሁት እያለች ትስቅብኛለች። አብሬያት እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን አንጀቴ ይቃጠላል። ዛሬ ያሳዩኛል፣ ነገ ያሳዩኛል እያልኩ ብዙ ጠበቅኩ። በመጨረሻ፣ እኔው ካልተማርኩ የሚያስተምረኝ እንደሌለ ገባኝ።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ሼህ ሙሄ ራሳቸው የሰፉልኝን የሠርግ ኮቴን አውጥቼ በምላጭ ፈታሁት። ዘሃራ አበደ ብላ እናቷን ልትጠራ ሄደች። እያንዳንዱን ቁራጭ ጆንያ ላይ እያነጠፍኩ ዙሪያውን በከሰል አሰመርኩ። ከዚያ በኋላ በየዕረፍቴ ጆንያ ስቀድና ስሰፋ ከረምኩ። ስንቱን አበላሸሁት! በኋላ ኮቱን መልሼ ሰፋሁና ለብሼው ሥራ ገባሁ።

ሼህ ሙሄ ገና ሲያዩኝ ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ ቀረ። ለካ የቀኙን እጅጌ በግራ አስገብቼዋለሁ።

"ማን ፈታው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ምነው ብትጠይቀኝ?"

"ብጠይቅዎት ያሳዩኝ ነበር?"

ኮቱን አስወልቀው እጅጌውን ፈቱና አገባቡን አሳዩኝ። ቀጥለውም ከመጪው ገበያ ጀምሮ ቅዱን እኔ እንደምይዝ ነገሩኝ። የዚያን ቀን ያህል ተደስቼ አላውቅም፤ ለዘሃራ ልነግራት በሩጫ ነው የሄድኩት።

ገበያው ዋለ፤ ጨርቅ ይዞ የመጣ ግን የለም። በልጉ ቀርቶ ነበር፣ ክረምቱም ቀረ። የአካባቢያችን፣ የሀብሩ ገበሬ የለበሰውን ሊሸጥ እንጂ ሊያሰፋ አልመጣም። ውሎ ሲያድር ሰዉ ወደ አውራ ጎዳናው እየወረደ መንገድ ዳር ይወድቅ ጀመር። የመርሳ ነጋዴዎች ለከፈን፣ ለሬሳ መጠቅለያ ብለው አቡጀዲ በጣቃ ገዝተው እኛ ደጅ አራገፉ።

ሼህ ሙሄ ጣቃውን አዩና መቀሱን ሰጡኝ። "አንተ ቅደድ ልጄ፣ እኔ አልችልም" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ለከፈን ትከሻ አይለካም፣ እጅጌም የለው። ቁመቱን ብቻ ነው የሚነግሩህ። ለእኔ የሚነገረኝ ቁመት አብዛኛው የሕፃን ነበር። ያን ሁሉ ጆንያ ያበላሸሁት ለዚህ ነው ወይ እያልኩ፣ እያለቀስኩ ቀደድኩ።

ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ። ሰው ሲያነሳኝ፣ ማንም ሳያስተምረው በራሱ ጥሮ ለዚህ በቃ ይላል። እውነት ነው፣ አልክድም። ግን መጀመሪያ የቀደድከው ልብስ የማን ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ወሬ አስቀይራለሁ።