ማኅተም የሌለበት ፎቶ

እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ ጠፋ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሰው ክርስትና ፎቶ ሳነሣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የማላውቃቸውን ሙሽሮች አክስቶችና የአክስቶቻቸውን ጎረቤቶች ሳይቀር አንሥቻለሁ። የገዛ እናቴ ግን ካሜራ ባወጣሁ ቁጥር «ቆይ፣ ልልበስ» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ለብሳ ስትወጣ እኔ ወደ ሥራ ሄጃለሁ። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ፎቶዋን አሳድገን አሠራን። ክቡ ማኅተም ግማሹ ጉንጯ ላይ ነበርና እሱም አብሮ አደገ። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው እናቴን ከነማኅተሟ ተሰናበታት። አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ጠጋ ብላ፣ ማልቀሷን ለአፍታ አቁማ፣ እናቴ ጉንጭ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነብ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ስናገረው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሰው ሁሉ ልጇ ፎቶ አንሺ መሆኗን ያውቃል።

አባቴ በለቅሶው ሰሞን ስለዚህ ነገር ምንም አላሉም። ሙት ዓመቷ ወጥቶ እንግዳው ሲበተን ግን ዘንዘልማ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ጠሩኝና ትእዛዝ ሰጡኝ።

«እኔን ማኅተም ተመትቶብኝ እንዳትሸኙኝ» አሉ። «ቀኔ ሳይደርስ እኔን የሚመስል ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጭ።»

ማንሣቱ ቀላል ነው፤ እሳቸውን የሚመስለው የሚለው ነው ጣጣው። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሐይቁ ላይ በሚመላለሱ ጀልባዎች የሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ስንት ጊዜ ሐይቁን አቋርጠው ጎርጎራ ደርሰው እንደተመለሱ ቁጥሩን አያውቁትም፤ ሐይቁን ካዩበት ይልቅ ሞተሩን ያዩበት ጊዜ ይበልጣል። ሞተሩ በበኩሉ ጆሯቸውን ወስዶባቸዋል። በጣም ካልጮኹላቸው አይሰሙም፤ ስለዚህ ማሽን የሚመረምሩት በመዳፋቸው ነው። መዳፋቸውን ይጭኑበታል፤ ከተንቀጠቀጠ ይሠራል፣ ካልተንቀጠቀጠ ቆሟል። ፍሪጁም፣ የውሃ ፓምፑም፣ የጎረቤታችን ባጃጅም የሚዳኙት በዚህ ብቻ ነው።

ትእዛዙ የመጣው ደግሞ አዲስ ካሜራ በገዛሁ ሰሞን ነው። አሮጌው ካሜራዬ ጡብ የሚያህል ዲጂታል ነው። ሆዱ ውስጥ መስታወት አለው፤ ቁልፉን ሲጫኑት መስታወቱ ይነሣና ተመልሶ ይወድቃል፣ «ቋ» ይላል። ከሩቅ የሰማው ሰው በር የተዘጋ ይመስለዋል። አዲሱ ሚረርለስ የሚባለው ነው፤ መስታወት የለውም። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል፣ ሲፈልጉም ያለ አንዳች ድምፅ ያነሣል። ለአንድ ተክሊል ብዬ ድምፁን አጠፋሁትና ዝምታውን ስለወደድሁት በዚያው ተውሁት።

እኔ ብወደውም ከተማው አልወደደውም። መጀመሪያ ይዤው የወጣሁበት ሠርግ ሐይቁ ዳር ነበር። ሙሽሮቹን ውሃው አጠገብ አቁሜ ሃምሳ ያህል ካነሣሁ በኋላ ከሚዜዎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ በፍጹም ትሕትና፣ ዋናው ካሜራ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ይኸው ነው ብለውም አላመነኝም። የሙሽራው አጎት ጭራሽ ልጁን በአሻንጉሊት ልትሸውዱት ነው ብለው አኮረፉ። ከሁሉ የባሰው ግን ማንም ሰው መነሣቱን አለማወቁ ነው። እኛ አገር ፎቶ የሚነሣ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ አገጩን ከፍ ያደርጋል፣ ድምፁን ሲሰማ ይለቀቃል። ድምፁ ከሌለ ማን ልቀቅ ይበለው? ሙሽራው ትንፋሹን እንደያዘ ፊቱ ሲጠቁር ሙሽራዋ ናት በክርኗ ጎሽማ ያዳነችው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ አበጀሁ። አሮጌውን ከትልቁ ሌንሱ ጋር አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፤ የማነሣው ግን በአዲሱ ነው። ሰው አንገቴን አይቶ ያከብረኛል። አንገቴ ግን ክብሩን አልቻለውም፤ ማታ ማታ እናቴ ትቀባው የነበረውን ቅባት እቀባዋለሁ።

አባቴን በአንገት ጌጥ ማታለል አይቻልም። መጀመሪያ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አሥረው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔም አዲሱን ካሜራ አነሣሁ። ወዲያው ፊታቸው የሌላ ሰው ሆነ። ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ ዓይናቸውን አፈጠጡ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከንፈራቸውን የሚገጥሙበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ አንድ የፊት ጥርስ የላቸውም፣ ከእጃቸው ያመለጠ የሞተር መፍቻ ነው የወሰደው። አርባ ጊዜ ያህል ተጫንሁ። እሳቸው ገና አልጀመረችም ብለው እንደታፈኑ ናቸው። ላብ ሲያጠምቃቸው ጊዜ ጨርሻለሁ ብዬ ጮህሁ። ተነሥተው መጡና መዳፋቸውን ካሜራው ላይ ጭነው፣ እንደገና እንድጫን አዘዙኝ። ተጫንሁ። ትንሽ ጠበቁ።

«ይኸ ቆሟል» አሉ።

አልቆመም ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው፤ ባላሳያቸው ይሻል ነበር። አዲሱ ካሜራ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም። የቅንድባቸውን ጠጉር አንድ በአንድ፣ ጠዋት ምላጩ የሳተውን ቦታ፣ ከረባታቸው ላይ ያለችውን የወጥ ነጠብጣብ ሳይቀር ይዟል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ ሰውዬው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሞተር ሰርቆ የተያዘ ሰው ነው የሚመስለው አሉ። እውነታቸውን ነበር።

እልህ ያዘኝ። ካሜራው ውስጥ ሰው ሠራሽ ድምፅ አለ፤ ከፈትሁት። የሚያወጣው ትንኝ የምታህል ድምፅ ነው፤ እኔ ራሴ ካልተጠነቀቅሁ አልሰማውም። አባቴ ጭራሽ መኖሩንም አላወቁ። እንደገና ሠላሳ የሞተር ሌባ አነሣሁ።

በሳምንቱ አሮጌውን ይዤ መጣሁ። «ቋ» ሲል ይኸኛውን ሰሙት፤ በጆሯቸው ይሁን በአጥንታቸው አላውቅም። ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ በተገላገልሁ ስሜት ሳቅ አሉ። የምፈልጋቸው አባቴ ብቅ አሉ ማለት ነው። ቶሎ ብዬ ለሁለተኛ ጊዜ ተጫንሁ። አሮጌው ግን አንድ ካነሣ በኋላ ማረፍ ይወዳል። ፍላሹ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ቀይ መብራቱን አብርቶ ያስባል። ቆርጦ ሲነሣ አባቴ አፋቸውን ገጥመው ጨርሰዋል። አሥር ጊዜ ደጋገምነው፤ አንዴም አልቀደማቸውም። አሮጌው ሳቁን ጠርቶ ያመጣዋል፤ መያዝ አይችልም። አዲሱ ቢያገኘው ይይዘው ነበር፤ የሚያመጣው የለም። ሁለቱንም ገፍቼ ሐይቅ ብጨምራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴም ሰለቻቸው። ጊዜ አለን፣ አልሞትሁ አሉ፤ ነገሩም ተድበሰበሰ።

ከዚያ ክረምቱ ገባና ሳል ያዛቸው። መጀመሪያ ዝም አልነው፤ ኋላ ግን ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። ካርድ የምታወጣው ልጅ መታወቂያ ጠየቀችኝ። ከኪሳቸው አውጥቼ ልሰጣት ስል ዓይኔ ፎቶው ላይ አረፈ። የእሳቸው ማኅተም ያረፈው አፍንጫቸው ላይ ነው። ስለ ሳሉ መጨነቅ ሲገባኝ ድንኳኑ መሐል ሰማያዊ አፍንጫ ያለው አባት ተቀምጦ ነው የታየኝ። ልጅቷ መታወቂያውን ከእጄ ስባ ነው የወሰደችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመርፌና በኪኒን ዳኑ፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

መስከረም ሲጠባ፣ መንገዱ ደርቆ እሳቸውም ሲበረቱ፣ ሐይቁ ዳር ልውሰድዎ አልኋቸው። ሙሉ ልብስ ይቅር ብዬ ለመንሁ፤ በሹራብ ወጡ። ከተማው ውስጥ ሌላ ሥራ ስለነበረብኝ ሁለቱም ካሜራዎች አንገቴ ላይ ናቸው። ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ፈንጠር ብሎ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አንዱ ጀልባ ሞተሩን ሲያስነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት። ሞተሩ አንድ ነገር እንደጎደለው ነገሩኝ። ከድንጋይ ላይ ነው ያወቁት።

የሚቀጥለውን አስቤ አደረግሁት ብል ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱ አንገቴን ስላመመኝ ነው። አሮጌውን አውልቄ ያዙልኝ ብዬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁት። አባቴም ማሽን ሲያገኙ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ጫኑበት፣ ዙሪያውን ዳበሱት፣ ቁልፉን አገኙና ተጫኑት። «ቋ» አለ። መስታወቱ ሲወድቅ መዳፋቸውን መታው። ደንግጠው ካሜራውን አዩት፣ ደግሞ ተጫኑት።

«ይኸኛው ይሠራል» አሉ።

ከዚያ ማን ይቻላቸው። ካሜራውን ወደ ዓይናቸው ያነሣሉ፣ ይጫናሉ፣ እጃቸውን ሲነካቸው ዝቅ አድርገው ይስቃሉ። ውሃው ላይ የምትንሳፈፈውን የይብራ ወፍ አነሡ። ጀልባውን አነሡ። ወደ እኔ ዞረው እኔን አነሡ። እኔም አዲሱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ዝምታ ጠቀመኝ፤ ስጫን አይሰሙም፣ መነሣታቸውን ካላወቁም አይታፈኑም። እሳቸው ያነሣሉ እንጂ የሚነሡ አልመሰላቸውም። አሮጌው በእሳቸው እጅ እያሳቃቸው፣ አዲሱ በእኔ እጅ እየያዘው፣ ይብራዋ ሰልችቷት እስክትሄድ ቀጠልን።

አጠገባቸው ተቀምጬ ፎቶዎቹን ስመለከት አንዱ ላይ ቆምሁ። ካሜራውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው፣ ሹራባቸው ተጣሞ፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ የጎደለው ጥርስ ቦታ ወለል ብሎ እየታየ ይስቃሉ። እንደሚቆጡ አውቄ እየፈራሁ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። መጀመሪያ ጥርሱን አዩት። ሰው ሊያለቅስልኝ መጥቶ እኔ ልስቅበት ነው ወይ አሉኝ። ፎቶ አንሺ ነበር ወይ ብለው አይጠይቁም ወይ አሉኝ። ሌላ አለ ብዬ ልቀበላቸው ስል አለቀቁኝም። አቅርበው አዩት፤ አርቀው አዩት።

«እናትሽ የምታውቀኝ እንዲህ ሁኘ ነው» አሉ። «ይኸ ይሁን።»

እንባዬ መጣ። ሌንስ የምጠርግ መስዬ ፊቴን አዞርሁ።

እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም፤ የእኔንስ ሥራ አሳይኝ ብለው አሮጌውን አቀበሉኝ። ሰማይ አንሥተዋል። የገዛ ጉልበታቸውን አንሥተዋል። የይብራዋን ጭራ አንሥተዋል። የቀሩት ሰባቱ እኔን ያነሡባቸው ናቸው። በሰባቱም ላይ ሁለት እጅ፣ አንድ ጥቁር ካሜራና ከላዩ የተንጨፈረረ ጠጉር አለ። አንዱን አሳለፉ፣ ቀጣዩን አዩ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

«አንችስ የት አለሽ?»

ፎቶ አንሺ እንዲህ ነው አልኋቸው ጮኼ። መጨረሻ የተነሣሁት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ብዙ አሰብሁ። መታወቂያዬን ያሳደስሁ ጊዜ ነበር። ማኅተሙ የት ላይ እንዳረፈ ጠየቁኝ፤ ግንባሬን አሳየኋቸው። ከድንጋዩ ላይ ተነሡና እኔን ቦታቸው ላይ አስቀመጡኝ። አዲሱን ካሜራ ከአንገቴ አውልቀው ወደ ጎን አኖሩና አሮጌውን ከእጄ ተቀበሉ። ጠጉሬ አልተሠራ፣ የለበስሁት የሥራ ሸሚዝ ነው።

«ቆይ አባየ፣ ልልበስና» አልሁ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን እንደሆነ የገባኝ። ቀስ ብዬ ነበር የተናገርሁት፤ ነጎድጓድ እንኳ የማይሰሙት አባቴ ግን ይህችን ሰሟት። አሮጌውን ካሜራ ወደ ዓይናቸው አነሡ። እኔም አገጬን ከፍ አድርጌ፣ «ቋ» እስኪል ድረስ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥሁ።