እስከ ኮኩ ቅጠል ድረስ

እህትማማች ናቸው፤ የአንድ እናት ልጆች፣ ባንድ ጣራ ስር የሚኖሩ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዓይጥና ድመት ናቸው። ታላቂቱን ሰፈሩ «ዳኛዋ» ይላታል፤ ዳኛ ሆና አይደለም፣ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ስለወጣች ነው። ታናሺቱን «ዶማ» ይሏታል። ጓሮ ስትቆፍር ስለምትውል ነው ቢባልም፣ ስሙን ያወጣችላት ዳኛዋ ናት፤ ምን ማለቷ እንደሆነም ዶማ አሳምራ ታውቃለች።

ነገሩ የቆየ ነው። እናታቸው አልጋ ላይ ስትውል አባትየው «አንዷ ትማር፣ አንዷ ታስታምም» አሉ። ታላቂቱ ደብተሯን ይዛ ወጣች፣ ታናሺቱ ውሃ ስታሞቅ ቀረች። ዳኛዋ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን «ነይ እስቲ፣ ፊደል ላስቆጥርሽ» ብላት አታውቅም። የት አባቷ! አባታቸው ከሞቱ በኋላማ ፊት ለፊት መነጋገሩም ቀረና መልእክቱ ሁሉ በቤታቸው ድመት በኩል ሆነ።

«ድመት፣ እዚህ ቤት ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ጠፋ ወይ በያት!» ትላለች ዳኛዋ።

«ድመት፣ የጠጣ ይጠበው በያት!» ትላለች ዶማ ከጓሮ። ድመቷ መሃል ላይ ተጋድማ ትተኛለች።

ጓሮው መካከል አንድ የኮክ ዛፍ ነበረ። ዳኛዋ በየቀኑ ምሳ እንደበላች ወንበሯን ጥላው ስር አስቀምጣ መጽሐፍ ትገልጣለች፤ የምታነበውም ጮክ ብላ ነው። መሥሪያ ቤት ሳለች ወረቀት ሁሉ ከመውጣቱ በፊት አንዷ ድምፅ አውጥታ ታነባለች፣ ሌላዋ ዋናውን ይዛ ታመሳክራለች። አንባቢዋ ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ስለዚህ አፏን ዘግታ ማንበብ አይሆንላትም፤ ድምፅዋን ካልሰማች የገባት አይመስላትም።

ዶማ ይህን ንባብ እንደምትጠላ ለማንም አልደበቀችም። «አበስኩ ገበርኩ! ጎመኔን በወሬ አጠወለገችው!» ትልና ባልዲ ታንኳኳለች። ታሪኩ ሲሞቅ ግን ባልዲው ዝም ይላል። አረሙ አልቆ እያለ እዚያው መደቡ ላይ ተንበርክካ አፈር ትዳብሳለች። ደግሞ ልብ በሉ፤ ያን የሚያህል ጓሮ እያለላት ፀሐይ የሚወደውን ቲማቲም ሳይቀር የተከለችው ከወንበሩ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ ነው። ቲማቲሙ ቀጭጮ ሲቀርባት ዛፉን ትረግማለች እንጂ ነቅላ ወደ ፀሐይ አትወስደውም። ለምን መሰላችሁ? ከዚያ ወዲያ ድምፁ አይሰማማ!

ዳኛዋ ያቆመችበትን ገጽ የምትይዘው በቅጠል ነው። ከራሷ በላይ አንድ ትቀነጥስና መጽሐፉ ውስጥ ትከታለች፤ የትናንቱን ግን አታወጣም። የዚያ ዓመቱ መጽሐፍ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊና ስለ ሚስቱ ነበር። የጀመረችው ኮኩ ሲያብብ ነው። ቀዛፊው ሲያገባ የምታስገባው ቅጠል አልነበራትምና ገጹ መሃል አበባ ገባ። ልጁ ሲወለድ ቅጠሉ ገና ጥፍር ያክል ነበር። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እርጥብ ወንበር ጠርጋ እያነበበች፣ ሰውየው ጎርፍ ላይ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ዶማ የዚያን ቀን እንባዋን በሽንኩርቱ አሳበበች። ሚስትየው ጠበቀች፤ ኮኩ አፈራ፣ ተለቀመ። አሁንም ጠበቀች። ቅጠሉ ቢጫ መምታት ሲጀምር ዳኛዋ አንድ ቀን እንዲህ ስትል አነበበች፦ «መብራቱን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ፣ በሩ ተንኳኳ።» ከዚያም ቅጠሏን ከታ መጽሐፉን ዘጋች።

«ማነው?» አለች ዶማ።

አመለጣት። እጇን አፏ ላይ ብትጭንም ቃሉ ወጥቷል። ዳኛዋ መጀመሪያ ዞር ብላ አየቻት፤ ቀጥሎ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሳቀች።

«ጉድ ሰማሽልኝ ጎረቤቴ? ፊደል ያልቆጠረች ዶማ መጽሐፍ ትጠይቀኛለች! ቆፍራ ታውጣዋ!»

ጎረቤትየዋ እውነት አስቋት ይሁን ለይሉኝታ፣ እሷም ሳቀች። ዶማ ሞታ ቆመች። የዚያን ዕለት እህል በአፏ አልዞረም።

በማግስቱ ዳኛዋ መነጽሯን ልታስለውጥ ወጣች። ዶማ መጥረቢያ አነሳች። ባሳረፈች ቁጥር «ለቲማቲሙ ነው! ለቲማቲሙ ነው!» ትላለች፤ ማን እንደጠየቃት እንጃ። ድመቷ ጣራ ላይ ወጥታ አየች። ዛፉ ሲወድቅ ዶማ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ መጥረቢያውን ጣለችና ቁጭ አለች። ዳኛዋ ስትመለስ አዲሱ መነጽር መጀመሪያ ያሳያት ጉቶውን ነው። ገባችና በሯን ዘጋች።

በሚቀጥለው ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሯን ያው ቦታ፣ ፀሐዩ ላይ አስቀመጠች። ጃንጥላ ዘረጋች፣ መጽሐፉን ገለጠች። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዘግታ ማንበብ ጀመረች።

ለዳኛዋ ቀላል አልነበረም። ላቧ ይንቆረቆራል፣ አንዱን ገጽ ስንቴ ትመላለስበታለች፤ ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ሲል በነጠላዋ ጫፍ ትይዘዋለች። ግን ድምፅ አልወጣትም። ከገጹ በቀር የሚሰማ ነገር የለም፤ እሱንም ሆን ብላ ቀስ አድርጋ ነው የምትገልጠው። ዶማ እርር ድብን አለች። ባልዲ ብታንኳኳም የሚረበሽ ንባብ የለም። ሌላ ሰው እንዳታስነብብ፣ ያ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ ሞቷን ትመርጣለች። ቲማቲሙ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኝ ተንዠረገገ። ድሮም ልክ ነበረች! ለቅማ ለቅማ ቅርጫት ሞላች፤ በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ግን ቲማቲም አይነግርም።

በበጋው መጨረሻ አንድ ቀን፣ በዳኛዋ ቀኝ እጅ በኩል የቀረው ወረቀት ስስ መሆኑን ዶማ አየች። ውሃ ማጠጫዋን ጥላ ተነሳች። ሄዳ ወንበሩ ፊት ቆመች።

«እትዬ» አለች። ይህን ቃል ከአባታቸው ለቅሶ ወዲህ ከአፏ አውጥታው አታውቅም። «እትዬ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ስደቢኝ፣ የፈለግሽውን በይኝ። ብቻ ያንኳኳው ማነው?»

ዳኛዋ የመጨረሻውን ገጽ እስከ ታች አነበበች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ከታሪኩ ይሁን ከፀሐዩ አይታወቅም። ከዚያ ወደ ድመቷ ዞረች።

«ድመት፣ እኔ ጮክ ብዬ የማነበው ጥላ ስር ነው በያት።»

መጽሐፉን ጉቶው ላይ አስቀመጠች፤ ወንበሯን አንስታ ገባች።

ዶማ እጇን ታጠበች፤ ቀሚሷ ላይ አደረቀችና መጽሐፉን አነሳች። ፊደሉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው፤ ምንም አይላትም። ቅጠሎቹን ግን አወቀቻቸው። ይኸው አበባው፤ እዚህ ጋ ተጋቡ። ይቺ ጥፍር የምታክለዋ ልጁ የተወለደ ቀን ናት። ይቺ ጭቃ የነካት፣ ጎርፉ። እያንዳንዱን ገጽ እንደ ራሷ መደብ ታውቀዋለች፤ ሚስትየው የጠበቀችውን ሁሉ አብራት ጠበቀች። በመጨረሻ ቢጫዋን ቅጠል አገኘች። ይኸው፣ በሩ የተንኳኳው እዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅጠል የለም። አንዱን ገጽ ገለጠች፣ ሌላውን ገለጠች፣ እስከ ሽፋኑ ድረስ ሄደች፤ ሁሉም ባዶ ፊደል ነው።

ወደ ቢጫዋ ቅጠል ተመለሰች።

«ማነው?» አለች ቀስ ብላ። ከአጥሩ ወዲያም፣ ከቤት ውስጥም የሳቀባት አልነበረም።