አየር የማያስወጣ ሣጥን

ባለፈው ሳምንት የኩሽና ቁምሳጥን ሊገጥምልኝ የመጣው ሠራተኛ በረንዳዬ ላይ ኤም ዲ ኤፍ ሲቆርጥ ዱቄቱ በመስኮት ገባ። ሽታውን ታውቀው እንደሆነ አላውቅም። እንጨት እንጨት አይሸትም፤ የተቃጠለ ወረቀትና ኮላ የተቀላቀለበት ነገር ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሠራተኛው መስኮቱን ሊዘጋልኝ ሲል «ተወው» አልኩት። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም። ዝም ብዬ አሸተትኩት።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሪያድ፣ ነሲም የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። አባቴ የአውሮፕላን ሞተር ጠጋኝ ነበር። «መካኒክ» ሲሉት ይናደዳል፣ «ቴክኒሺያን በሉ» ይላል። የእናቴም የእኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በሱ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሥራው ከቆመ ሁላችንም ሻንጣ ማዘጋጀት ነው። እዚህ አገር ያደገ የሐበሻ ልጅ ይህን ከፊደል በፊት ያውቀዋል።

አባቴ በጆሮው የታወቀ ሰው ነበር። የሕንጻው ሊፍት ሲወጣ ከሶፋው ሳይነሳ «ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» ይላል፤ በሳምንቱ ሊፍቱ ይቆማል። ሥራ ቦታ ሌሎቹ የጆሮ መከላከያቸውን ጥርቅም አድርገው ሲያስሩ፣ እሱ የራሱን ገፋ አድርጎ ሞተሩን ማዳመጥ ይወድ እንደነበር በኩራት ያወራልን ነበር። «እኔን የሚያበላኝ ጆሮዬ ነው» ይላል። ሞኝ። አባቴ ነው፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሞኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ግን ሁለት ዓመት ያህል አንድ ነገር ተበላሽቶ ነበር። እናቴ ከኩሽና ታናግረዋለች፣ እሱ አይመልስም። ሁለተኛ አትጠራውም፤ ኩሩ ናት፣ አንዴ ከጠራች ጠራች ነው። «ከግድግዳ ጋር ነው እኮ የምኖረው» ትለኛለች ሽንኩርት እየከተፈች። «ወንድ ስትሰለቺው እንዲህ ነው። አይሰድብሽ፣ አይመታሽ። ዝም ይልሻል።» እኔም እንደዚያ መሰለኝ። እኔንም አንዳንዴ ዝም ይለኝ ስለነበር፣ ሁለታችንም የሰለቸነው መሰለኝ።

አንድ ዓርብ ሐራጅ ከሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ባለ አስራ ሁለት ኢንች ስፒከር ታቅፎ መጣ። ሣጥን የለውም፣ ባዶውን ነው። ጀርባው ላይ የድስት ክዳን የሚያክል ማግኔት አለው። «ሰብዉፈር እንሠራለን» አለኝ ዓይኑ እየበራ። «ዘፈን ደረት ላይ ካልመታ ምኑን ዘፈን ሆነ?» እናቴ «ፍሪጁ እየጮኸ ሊሞት ነው፣ እሱ ስፒከር ይገዛል» አለች፤ ለእኔ ነው ያለችው፣ እሱ እንዲሰማ። አልመለሰላትም።

ጣውላውን ያስቆረጥነው ጀራዲያ አካባቢ ከሚሠራ አንድ የመናዊ አናጢ ዘንድ ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን ከምንም በላይ አየር ማስወጣት የለበትም፤ ካስወጣ ቤዙ ይልፈሰፈሳል። አባቴ ልኩን በሚሊሜትር ጽፎ ይህን በአረብኛ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ለፋ። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ሳቀ። «ያ ሙሃንዲስ፣ ሣጥን እኮ ነው፣ አይበርም» አለው። ከዚያ «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» እያለ ቆረጠው። አንዱ ጎን አንድ ሚሊ ጎደለ።

ሦስት ዓርብ ጣራው ላይ ሠራን። ጣራው የውኃ ታንከርና የዲሽ መዓት ነው፤ የሕንጻው ኤሲዎች ሁሉ እዚያ ተሰልፈው ያጉረመርማሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከታንከሩ ጀርባ ስትዞር ትንሽ ጥላ እናገኛለን። እሱ በሞርሳ ያጣብቃል፣ እኔ በትራፓኖ እበሳለሁ። የጎደለችውን ሚሊ የእንጨት ዱቄት በኮላ ለውሰን ሞላናት። ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ ጣውላው ላይ ክብ ክብ ይሠራ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሽሃለሁ። ከአባቴ ጋር ብቻዬን የምሆንበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ዓርብ ስፒከሩን ገጥመን ከአሮጌ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘነው። ከስልኬ አንድ ወፍራም፣ ወጥ ድምፅ ለቀቅኩ። ወለሉ ከጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ርግቦቹ ከታንከሩ ላይ ተነሥተው በረሩ። አባቴ መዳፉን ሣጥኑ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። «ይኸውልሽ! ድምፅ ማለት ይሄ ነው! ኸላስ፣ አለቀ» አለ።

እኔ ግን ሌላም ነገር ሰማሁ። ከግራው የታችኛው ማዕዘን ቀጭን ፉጨት ይወጣል።

«አባዬ፣ ያፏጫል።»

«ምኑ?»

«ሣጥኑ። አየር ያስወጣል። እዚህ ጋ።»

ተንበርክኮ ጆሮውን እዚያው ላይ ለጠፈ። ቆየ። ቀና ብሎ አየኝና በሌላኛው ጆሮው ለጠፈ። «ሂጂ ወዲያ፣ ታሾፊብኛለሽ» አለኝ ፈገግ ብሎ። አላሾፍኩም። ፉጨቱ እኔ ቆሜ ካለሁበት ሁለት ሜትር ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ጣቱን በምላሱ አርሶ ማዕዘኑ ላይ አደረገ። የሚወጣው አየር ጣቱን ሳያቀዘቅዘው አልቀረም፤ ለረጅም ጊዜ አላነሳውም። ከዚያ ድምፁን እንዳጠፋ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ክው አልኩ። ያ ሁሉ «ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» የሚል ሰው።

«ስትጠሪኝ የማልመልስልሽ ጊዜ አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«እናትሽስ?»

ዓይኔን ወደ ጣውላው መለስኩ። ገባው። ኮላ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «በወሩ መጨረሻ ፈህስ አለብኝ» አለኝ። በየሁለት ዓመቱ የሚደረግላቸው የጤና ምርመራ ነው፤ ዓይንም ጆሮም ይታያል። «ጆሮ ከወደቀ ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ ኢቃማ የለም። ትምህርትሽም እዚህ አያልቅም። እስኪያልፍ ድረስ ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«ብታውቅ እኮ አባዬ…»

«የሷ ፊት ምንም አይደብቅም። በማግስቱ ነሲም በሙሉ ያውቃል። ሆድ ይፍጀው፣ የኔ ልጅ።»

ያን ቀን ወርጄ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም።

ፉጨቱን በሲሊኮን ደፈንነው። ሣጥኑ አለቀ ማለት ነው። እኛ ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣራ መውጣታችንን ቀጠልን፤ ለልምምድ። ስልኬ ላይ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል የጆሮ መለማመጃ አግኝቼ ነበር። ፊት ለፊት እንቀመጣለን፣ ሲሰማው ጣቱን ያነሳል። ለሰበብ የብርጭቆ ወረቀት ይዘን ነው የምንወጣው። እናቴ «አሁንም አላለቀም?» ስትለኝ «እያለሰለስነው ነው» እላታለሁ። ጭራሽ ውሸት እንዳይሆንብኝ በየቀኑ ትንሽ አሸው ነበር። ጠርዙ ሁሉ ተበልቶ ድቡልቡል አለ።

ጥቁር ቀለም የምንቀባው ዕለት እናቴ ራሷ ወጥታ መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ወይ ጉድ! ሬሳ ሣጥን ነው እንዴ? ለማናችን ነው?» አለች። ቀልዷን ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ መቀለዷ ነበር። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ይቀባ ነበርና አልሰማትም። ጥቂት ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወረደች። እኔ ብሩሽ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ አብዛኛውን ማግኘት ጀመረ። ጢጥ ሲል ጣቱ ወዲያው ይነሳል። ልንሰነብት ነው ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። አንድ ቀን ግን ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ፊቴን ወደ ታንከሩ አዞርኩ። አንዱንም አላገኘም።

«አባዬ፣ እኔን እያየህ ነው የምታነሳው።»

«ድምፁ ሲመጣ ቅንድብሽ ይነሳል» አለኝ። አላፈረም፣ አልካደም። ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ፊትሽን ያዢ። መርማሪው ቅንድቡን አያነሳልኝም። ምንም አታሳዪኝ፣ ምንም። ያላ፣ እንደገና» አለኝ።

ፊቴን መያዝ እንዲህ ተማርኩ። መጀመሪያ ቅንድቤን፣ ከዚያ ከንፈሬን፣ ከዚያ ትንፋሼን። እሱ ግን ሁልጊዜ አንድ የሚያነበው ነገር አያጣም። «አሁን ዋጥሽ» ይለኛል፣ ጉሮሮዬን አይቶ። መዋጥ እተዋለሁ። «አሁን ዓይንሽን ጠበብ አደረግሽ» ይለኛል። እሱንም እተዋለሁ። ጢጥታው ሲመጣ እዚያ እንደሌለሁ መሆን ለመድኩ። ከፈህሱ በፊት በነበረው ዓርብ ምንም አላገኘብኝም። እጁ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ስልኩ ብቻውን ጢጥ ጢጥ ይላል። «ጎበዝ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ያን ዕለት ምንም አልተሰማኝም፣ ስልኩን አጠፋሁት።

ዛሬ የምሠራው ሆስፒታል ነው። ለቤተሰብ ክፉ ወሬ መንገር ሲኖር እኔን ይልኩኛል፤ ድንጋይ ናት ይላሉ። ባለቤቴ «ተናደድሽ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ፊቴን አይቶ ምንም ሲያጣበት ነው። አልፈርድበትም።

የፈህሱ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«መርማሪው ጀርባውን ሰጠኝ» አለኝ።

የምርመራው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ አነሳችው። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሣጥኑን ከሞከርንበት ቀን ጀምሮ።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ፊቴ ላይ አንድ ነገር ስትፈልግ ቆየች፣ ያገኘችው አልመሰለኝም። «እኔ እኮ የናቀኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ የናቀኝ መስሎኝ ነበር እኮ!» ወንበር ጎትታ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠችና አገጩን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። «ያልሰማኸውን ሁሉ ከየቱ ልጀምርልህ?» አለችው፣ እንዲሰማት ድምፅዋን እንደ ወንድ አወፍራ።

«ከስድቡ» አላት።

እየሳቀች አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። እኔ ከታጠበው ልብስ ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግኩ አጠፍኩ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፣ ግን አልመጣልኝም።

በሦስት ወር ውስጥ ኹሩጅ፣ የማይመለሱበት የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶልን ወጣን። ሰብዉፈሩን ለታች ቤት ጎረቤት ሰጠነው፤ አንድ ዘፈን እንኳ እስከ መጨረሻው አልሰማንበትም። ትምህርቴን አዲስ አበባ ጨርሼ፣ ከዓመታት በኋላ በራሴ ሙያ፣ በራሴ ኢቃማ ተመልሼ መጣሁ።

አባቴ አሁን ጭራሽ አይሰማም። በየዓርቡ በቪዲዮ እደውላለሁ። እናቴ አጠገቡ ትቀመጥና እኔ ያልኩትን ወደ እሱ ዞራ ቀስ ብላ በከንፈሯ ትነግረዋለች። የሷን ፊት እንደ ጋዜጣ ያነበዋል። እንደዚያ ሆነው ያወራሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ደህና አድርገው ይጣላሉም። ደስ ይለኛል መሰለኝ።

ባለፈው ዓርብ «ደህና ነሽ ወይ?» አለኝ፣ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማው እየጮኸ። ደህና አልነበርኩም። በዚያ ሳምንት ጽንስ ወርዶብኝ ነበር፤ ለእነሱ አልነገርኳቸውም። «ደህና ነኝ» አልኩት።

«ደህና ነኝ ትላለች» አለችው እናቴ።

እሱ ግን ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ስልኩን ከእናቴ እጅ ወስዶ ወደ ፊቱ አስጠጋው። ቅንድቤን አየ፣ ከንፈሬን አየ፣ ጉሮሮዬን አየ። አንድ ነገር ላሳየው ፈለግኩ፤ እምላለሁ፣ ፈለግኩ። የቱን ማንቀሳቀስ እንዳለብኝ ጠፋኝ።

«ዓይኔም ሊሄድ ነው መሰለኝ» አላት እናቴን፣ «ፊቷ ላይ ምንም አይታየኝም። እስቲ መነጽሬን አቀብዪኝ።»

አቀበለችው። በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ አደረገውና እንደገና አየኝ።