ወፍ ወይስ አውሮፕላን

ከጓደኛዬ ጋር ያደግነው ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ሂሳብ ላይ ሁለታችንም ጎበዞች ነበርን። አስተማሪው የፈተና ወረቀት ሲመልስ፣ ከራሴ ወረቀት በፊት የማየው የእሱን ነበር። እሱ የእኔን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ ግን አንድም ቀን አልያዝኩትም። ትምህርት እንደጨረስን አብረን ውትድርና ገባን፤ አብረንም በራዳር ሙያ ሰለጠንን። ከዚያ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የመማር ዕድል መጣ፤ ለአንድ ሰው ብቻ። ተፈተንን። አንደኛ ወጣ። እኔ ሁለተኛ።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሜ የሸኘሁት እኔ ነኝ። እናቱ ሲያለቅሱ አባበልኳቸው። እሱ በመስኮት እጁን ሲያውለበልብልኝ እኔም አውለበለብኩ። አውቶቡሱ ከዓይኔ ሲጠፋ ሆዴ ውስጥ የቀረው ግን ናፍቆት አልነበረም። እቤት ስገባ እናቴ ምሳ እያቀረበች፣ «ሄደልህ ጓደኛህ? ያንተስ መቼ ይሆን ልጄ?» አለችኝ። ሳህኔን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ።

እኔ የተመደብኩት ከናዝሬት በስተ ደቡብ፣ ከደራ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ባለ የራዳር ጣቢያ ነበር። ሥራዬ መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የራዳሩን አረንጓዴ የመስታወት መስኮት ማየት ነው። መስመሩ እየዞረ ሰማዩን ይጠርጋል፤ የሆነ ነገር ካገኘ ነጥብ ያበራል። ነጥቡ ምን እንደሆነ መለየት የእኛ ፈንታ ነው።

ጣጣችን ወፍ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እግረ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች ከሰሜን በመንጋ መጥተው ሐይቆቹን ተከትለው ይወርዳሉ። ከቆቃ እስከ ዝዋይ ሰማዩ የእነሱ ይሆናል። ራዳር ላይ ሲታዩ ዝግ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ይመስላሉ። አንድ ጊዜ ተረኛው ተሳስቶ ደወል አስደወለና የጦር አውሮፕላን ተነሥቶ ሄደ፤ ያገኘው መንጋ ወፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጥብ ባጠራጠረ ቁጥር እኔ እጠራለሁ። ዓይኔ ለምዶ ነበር። የመንጋው ነጥብ ጠርዙ ይርገበገባል፤ ሞቃት አየር ሲያነሣው እዚያው ይዞራል። «ወፍ ነው» ካልኩ ወፍ ነው። ባልደረቦቼ «የወፎቹ አባት» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም ስሙን ወደድኩት። እሱ ሩስያ ቢማር፣ እዚህ ደግሞ እኔ የምታወቅበት ነገር አለኝ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ከዓመታት በኋላ መቶ አለቃ ሆኖ ተመለሰ። ቁም ሣጥን የሚያክል ኮምፒዩተር በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ፤ የመጣውም እኛው ጣቢያ ነው። አቅፎ ሳመኝና ሳያርፍ ወሬውን ጀመረ።

«ይሄ ማሽን ወፍና አውሮፕላን ይለያል።»

«ማን ነግሮት?»

«እኛ እናስተምረዋለን እንጂ! ሕግ እንጻፍለት ብንል አያልቅም። ምሳሌ ነው የምናሳየው። ይሄ ወፍ ነው፣ ይሄ አውሮፕላን ነው እያልን፣ ብዙ ምሳሌ። ሲሳሳት ራሱን እያስተካከለ ይሄዳል፤ እንደ ልጅ በለው።»

«ምሳሌው ወፍ ይሁን አውሮፕላን ማን ይነግረዋል?»

ሳቀ። «አንተ ነህ እንጂ! ገና ከመኪና ሳልወርድ የነገሩኝ ስላንተ ዓይን ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይኮራ ነበር። እኔ ግን፣ ያለህን አንድ ነገር አምጣ ያለኝ መሰለኝ።

ቢሆንም ተቀመጥኩ። ራዳሩ የሚያየው ሁሉ ቴፕ ላይ ይቀዳል፤ የነጥቡ ጉልበት፣ ፍጥነቱ፣ መርገብገቡ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ቀረጻው መስኮቱ ላይ ሲመጣ እኔ «ወፍ» ወይም «አውሮፕላን» እላለሁ፤ እሱ ቁልፉን ይጫናል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። የምሳ ሰዓት ሲደርስ አዛዣችን ሻለቃው ትከሻውን ይዘው ይወስዱታል። እኔ ሳህኔን ይዤ እሰለፋለሁ።

አንድ ቀን የጣቢያው የፖለቲካ ኮሚሳር ቢሮው አስጠራኝ።

«ቁጭ በል ጓድ። መቶ አለቃው አብሮ አደግህ ነው አሉ።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«እሁድ እሁድ ናዝሬት ሲወርድ የት ነው የሚውለው? ጴንጤ ነው የሚል ወሬ አለ። በር ዘግተው ይጸልያሉ ይባላል።»

እውነት ነበር። የቤተ ሰቦቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከተዘጋ ጀምሮ በየጓዳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚዘምሩት። የትኛው ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ብተነፍስ ማሽኑ ፊት ያለው የእሱ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ከማሽኑ ጋር የሠራ ሌላ ሰው ደግሞ የለም። ወንበሩ ላይ ራሴን ተቀምጬ አየሁት።

«እኛ ቤት ነው የሚውለው» አልኩ። «ካርታ እንጫወታለን። እናቴ ምሳ ታበላዋለች።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ኮሚሳሩ ትክ ብሎ አየኝና አሰናበተኝ። እንደወጣሁ ጓደኛዬን ከግቢው ጀርባ ወሰድኩትና ነገርኩት። ፊቱ ዓመድ መሰለ። እጄን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

«ከዚህ በኋላ እሁድ እኛ ቤት ነህ፤ ሰው እንዲያይህ» አልኩት።

ውሸቱ እውነት ሆነና እሁድ እሁድ እኛ ቤት መዋል ጀመረ። እናቴ ወጥ ስታወጣ ሥጋው ያለበትን ወደ እሱ ታዞራለች። «ብላ እንጂ ልጄ፣ እዚያ ብርድ አገር ከስተህ መጣህ» ትለዋለች። ስለ ማሽኑ ሲያጫውታት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትሰማዋለች። እኔ ስለ ወፎቹ ሳወራት እንዲያ ሰምታኝ አታውቅም። ያተረፍኩት ሰው ገበታዬ ላይ ተቀምጦ ሳየው ቅናቴ ይብስ ነበር እንጂ አልበረደም።

የማሽኑ መፈተኛ ቀን ከላይ የመጡ መኮንኖች ክፍሉን ሞሉት። ወቅቱ ወፎቹ የሚወርዱበት ነው። ነጥብ ሲታይ መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ፤ ቀጥሎ ማሽኑ የራሱን መልስ ወረቀት ላይ ያትማል። ወፍ ስል ወፍ ይላል፤ አውሮፕላን ስል አውሮፕላን ይላል። ከዚያ በመቂ በኩል አንድ ነጥብ ታየ። ዝቅ ብሏል፤ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ይዞራል፤ ተመልሶ ይመጣል።

«ወፍ ነው» አልኩ።

ማሽኑ አውሮፕላን ብሎ አተመ።

ጓደኛዬ ዞሮ አየኝ። ማሽኑ ተሳሳተ! ብሎ ውስጤ ጨፈረ። ሻለቃው ስልኩን አንሥተው መቂ ወዳለው የመንግሥት እርሻ ደወሉ። ሲሰሙ ቆዩና እጀታውን አስቀመጡ።

«የተባይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ነው። ሽንኩርት ማሳ ላይ እየተመላለሰ ነው» አሉ። እኔ መዞሩን አይቼ፣ ጠርዙ አለመርገብገቡን ግን አላስተዋልኩም ነበር።

መኮንኖቹ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። «ያስተማረው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ምነው ባልተናገረ! እኔ በዓመታት የለቀምኩትን ያ ብረት በጥቂት ወራት ለቅሞ፣ ጭራሽ ጥሎኝ ሄደ። ያን ቀን በሰውየውም በብረቱም ቀናሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጓደኛዬ ሄሊኮፕተሮች ወደሚጠገኑበት ትልቅ ግቢ ተዛወረ፤ እኔንም በረዳትነት ጠየቀ። እምቢ ልል አስቤ ነበር። የማሽኑን ቋንቋ የመማሩ ጉጉት አሸነፈኝና ሄድኩ። የሩስያ መጻሕፍቱን እየተረጎመ ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አንዲት ነገር አልሰሰተብኝም።

አዲሱ ሥራ ሞተሩ ላይ መንቀጥቀጥ የሚለካ መሣሪያ ለጥፎ፣ ብልሽቱን ከመድረሱ በፊት ማወቅ ነበር። ጓደኛዬ የደህናውንም የተበላሸውንም ሞተር ቀረጻ ሰብስቦ ማሽኑን ቢያስተምረው አልሆነለትም። አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ይስታል። እኔ ግን ሞተሮቹ አጠገብ ስውል አንድ ነገር ገባኝ፤ ደህና ሆነውም ድምፃቸውም መንቀጥቀጣቸውም ለየቅል ነው። እያንዳንዱን ሞተር ደህና ሳለ ለብቻው ለማሽኑ አሳየሁትና፣ ከራሱ የተለመደ መንቀጥቀጥ ሲለወጥ ብቻ እንዲናገር አድርጌ ጻፍኩት። ማሽኑ አንዱ ሞተር ተለውጧል አለ። መካኒኮቹ እያጉረመረሙ ፈቱት፤ ውስጡ ያለው፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተሰንጥቆ አገኙት።

ጓደኛዬ ኩሽኔታውን በእጁ አገላብጦ አየው። «ጎበዝ» አለኝ፤ ግን ፈገግታው ትንሽ ዘገየ። ለምሳም ሳይጠራኝ ብቻውን ሄደ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በማግሥቱ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ገብቶ አገኘሁት። ዓይኑ እንቅልፍ ያገኘ አይመስልም።

«ቀናሁብህ እኮ» አለኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ሰው ይሄን ነገር እንዴት ነው የሚችለው?»

«ይለመዳል» አልኩት።