ከወረፋው ያስቀደምኩት መኪና

በወረርሽኙ ጊዜ አየር መንገዱ "ስንፈልግህ እንጠራሃለን" ብሎ ዱባይ፣ አል ጋርሁድ ካለው ቢሮዬ ሲያሰናብተኝ፣ የአክስቴ ልጅ ግን ሥራ በዛለት። የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከተማው በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ እሱ የምግብ ኮንቴይነር ከወደብ እያነሳ በዱባይና በሻርጃ መካከል እንደ ልቡ ይመላለሳል። አል ናህዳ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ጠዋት ጠዋት እኔ በፒጃማ ተቀምጬ እሱ ጫማውን ሲያስር አየዋለሁ።

ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። ከደሴ ዲግሪ ይዤ የመጣሁት እኔ፣ እሱንም ያስመጣሁት እኔ። ድሮ ዘመድ ሁሉ "እንደሱ ሁን" እያለ በእኔ ነበር የሚመክረው። አሁን አክስቴ ስትደውል የምትጠይቀው ስለ ልጇ ብቻ ነው፤ እኔን "አብሽር፣ ያልፋል" ትለኛለች፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው። መኪናው ፊት ቆሞ ለተነሳው ፎቶ ማን ማን "ማሻ አላህ" ብሎ እንደጻፈለት አንድ በአንድ አንብቤያለሁ።

እንዲህ እያለሁ አንድ የከባድ መኪና አስመጪ ድርጅት ለጥቂት ወራት ስልክ ደዋይ አድርጎ ቀጠረኝ። የአንድ ሞዴል መኪኖች የፋብሪካ ጉድለት ተገኝቶባቸው ነበር፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ብሎን ሊላላ ይችላል። የእኔ ሥራ በዝርዝሩ ተራ ለባለንብረቶቹ እየደወልኩ "ሳይፈተሽ እንዳትነዱት" ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ዝርዝሩን ወደ ታች ሳይ የእሱን ታርጋ አገኘሁት። ከፎቶው በቃሌ ይዤዋለሁ። ተራው እስኪደርስ ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ስለ ነፍሱ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት ግን መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ እሱም እኔ እንደከረምኩት ቤት ሲውል ነው። ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ዘልዬ እሱን ለቀጠረው ድርጅት ደወልኩ። "ይህ መኪና ዛሬውኑ ይቁም" አልኩ።

"መኪናዬን አቆሙብኝ፣ ሹግል ኸላስ፣ ሥራ አለቀ!" እያለ ሲገባ "አይዞህ" አልኩት። ያን ቀን እስክጠግብ በላሁ፤ ለወራት ያጣሁት የምግብ ፍላጎት ተመልሶ መጣ።

በሦስተኛው ቀን መኪናው ተፈተሸ። መካኒኩ ብሎኑ በአንድ ጥርስ ብቻ ተይዞ እንደነበር አሳየው፤ አንድ ጉዞ ቢጨምር መሪው እጁ ላይ ይቀር ነበር። የአክስቴ ልጅ ቤት ገብቶ፣ ሰው ሰውን በማይነካበት በዚያ ጊዜ፣ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ።

"ወንድሜ፣ የኔን ለይተህ እንደደወልክ ቢሮ ነገሩኝ። ዋላሂ፣ ሕይወቴን ነው የሰጠኸኝ።"

አገር ቤት ሚኒባሶች መስታወት ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚለውን ሳነብ እስቅ ነበር። እሱ ግን የራሱን ምቀኛ አቅፎ ያለቅሳል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "አልሐምዱሊላህ" ነው።

ወዲያው እናቱ ጋ በቪዲዮ ደውሎ ስልኩን አቀበለኝ። አክስቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ምርቃት ነበር፣ ለእኔ ብቻ የሆነ።

"አላህ ለሰው ሁሉ እንዳንተ ያለ ልብ ይስጠው፣ ልጄ።"

እሱ ከጎኔ ጮክ ብሎ "አሚን" አለ። አክስቴ ግን እጇን ሳታወርድ የእኔን ጠበቀች።

"አሚን" አልኩ።