በቀይ የተሰረዘው ፎርም

በሬጅስትራር ቢሮ ሦስተኛው መስኮት ላይ የምትቀመጠውን ሴት ተማሪዎቹ “የጽሑፍ ፖሊስ” ይሏታል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚማሩትን መርጠው ፎርሙን ሳጥን ውስጥ ሲከቱ፣ እሷ አንድ በአንድ እያወጣች የእጅ ጽሑፉን ትመረምራለች። የልጅ እጅ ይጣደፋል፣ ይወላገዳል። የአባት እጅ ግን ከመስመር አይወጣም። እንዲህ ያለውን በቀይ ትሰርዝና “በራስህ እጅ ጽፈህ አምጣ” ብላ ትመልሳለች። እንዲህ የሚል ደንብ የለም፤ የራሷ ነው።

ይህን ያመጣባት የወንድሟ ነገር ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ያ የመጨረሻ ልጅ ፎርሙን ይዞ መጥቶ፣ “እታለም፣ ያንቺ ጽሑፍ ያምራል፤ አንቺ ሙይልኝ” አላት። ምን ልጻፍልህ አላለችውም። እንጀራ ያለው እዚያ ነው ብላ አንደኛ ምርጫው ላይ ምህንድስና ጻፈች፤ እሱም ሳያነበው ፈረመ። በሁለተኛ ዓመቱ አንድ ጠዋት ፍራሹን አጥፎ፣ መጽሐፎቹን ላዩ ላይ ደርድሮ ከመኝታ ክፍሉ ወጣ። የበላው ጅብ እስካሁን አልጮኸም።

ከዚያ ወዲህ ሰልፉ ውስጥ እንደ እሱ ማጅራቱ ቀጠን ያለ ልጅ ባየች ቁጥር ማኅተሙ እጇ ላይ ይቆማል። ልጁ ዞሮ ፊቱን እስኪያሳያት ዓይኗን አትነቅልም። ይዞራል፤ ሌላ ነው።

በምርጫው የመጨረሻ ቀን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ አንዲት ልጅ በቀይ የተሰረዘ ፎርም በመስኮቱ አስገባች።

“የሰረዙት እርስዎ ነዎት አሉኝ፣ እትዬ።”

“የአባትሽ ጽሑፍ ነው።”

“አዎ። ጂኦሎጂ ይቅርብሽ ብሎ ሦስት ቀን ተቆጣኝ። በመጨረሻ እኔ እየነገርኩት፣ እሱ እያጉረመረመ ጻፈው።”

“ሁሉም እንደዚያ ይላል። ራስሽ ለምን አልጻፍሽም?”

ልጅቷ ቀኝ እጇን አነሳች። ከጣቶቿ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። “በግራዬ ሞክሬ ነበር፤ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።”

ከኋላ ካቢኔት የሚቆልፉት አዛውንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳቁ። “ፖሊሷ ዛሬ ንጹሕ ሰው አሰረች። ቶሎ በሉ እንግዲህ፤ ፎርሙ ዛሬ ያልገባ፣ ሰው ጠልቶ የተወው የትምህርት ክፍል ነው የሚመደበው።”

የተሰረዘ ፎርም አይታተምም። አዲስ አወጣችና ወደ እሳቸው ዘረጋች። “ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉላት።”

“የሰረዘ ይጻፍ” አሉ፣ ቁልፋቸውን ሳይለቁ።

ከወንድሟ ወዲህ ለሰው ፎርም ሞልታ አታውቅም። ስም። መታወቂያ ቁጥር። አንደኛ ምርጫ። ልጅቷ ትናገራለች፣ እሷ ትጽፋለች። ማጅራቷ ላይ ትንፋሽ ያረፈ መሰላት። ያኔ ወንድሟ የቆመው ከኋላዋ ነበር።

“እትዬ” አለች ልጅቷ፣ አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ። “ጂኦሎጂ ነው እኮ ያልኩት።”

ወረቀቱን አየች። በዚያው ባማረ ጽሑፏ፣ ምህንድስና ይላል።

ሌላ ፎርም አወጣች። አሁን ፊደል በፊደል፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ጻፈች። ስትጨርስ ግን ለፊርማ አልሰጠቻትም።

“አነብልሻለሁ። የማትፈልጊው ካለ አስቁሚኝ።”

“ሰዓቱ ሄደ እኮ” አሉ አዛውንቱ።

“ይሂድ። አንደኛ ምርጫ፣ ጂኦሎጂ።”

“አዎ።”

“ሁለተኛ፣ ፊዚክስ።”

“እሱ እንኳ የአባቴ ነው” አለች ልጅቷ፣ ፈገግ ብላ። “ይሁን፣ እሱም ደስ ይበለው።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ኧረ አዎ፣ እትዬ።”

እስከ አምስተኛው አነበበችላት። ልጅቷ በግራ እጇ ፈረመች፤ እሷም አተመች።

መብራቱ ግማሹ ሲጠፋ የተበላሸው ፎርም ገና ፊቷ ነበር። አነሳችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አንደኛ ምርጫ፣ ምህንድስና” ብላ አነበበችና፣ ከኋላዋ የሚያስቆማት ሰው ያለ ይመስል ጠበቀች።